ሞራን ባሸነፈች ቁጥር

ሰኞ

አሸነፈች። ስድስት ለሁለት፣ ስድስት ለአራት። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬን በጉልበቶቼ መሃል ደብቄ ሳይ ፈገግ ብያለሁ መሰለኝ፣ እታለም ዘውዴ ከማዶ በዓይኗ ገረፈችኝ። አባቱን ትናንት የቀበረ ሰው ፈገግ አይልም። ልክ ናት። ያሸነፈችው ግን ልጄ ናት፣ ምን ላድርግ?

ጭንቅላቴ ተደበላልቋል፣ በቅደም ተከተል ልጻፈው። አባባ እሁድ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ልባቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው። ሞራን ሩቅ ምሥራቅ ናት። ከመላው ዓለም የተውጣጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየስፖርቱ በሚወዳደሩበት ጨዋታ ላይ ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድን ቴኒስ ትጫወታለች። የከተማውን ስም አራት ጊዜ ነግራኝ አሁንም አፌ አልያዘውም። ሰዓቱ እኛ ካለንበት ከቂርያት ጋት በስድስት ይቀድማል፤ እኛ ምሳ ስንበላ እሷ ራቷን ጨርሳለች።

አልነገርናትም። ከቀብር ስንመለስ እታለም ዘውዴ ዘመዱን ሁሉ ሰብስባ ነገሩን ቆረጠችው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጅቷ ጨዋታዋን ትጨርስ፣ አገሯ ትግባ፣ ከዚያ ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው በወጉ ያረዷታል። ታላቅ እህቴ ናት፣ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ከሞተች ጀምሮ በዚህ ቤት የእሷ ቃል የመጨረሻ ነው። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሚፍዓል፣ ፋብሪካው ውስጥ፣ አሥራ ስምንት ሠራተኛ አዛለሁ፣ እህቴ ፊት ግን ራሴን እነቀንቃለሁ።

ሚስቴ ስትሞት ሞራን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ሰሜን በኩል የቴኒስ ካምፕ ሄዳ ነበር። ሦስት ቀን ደበቅናት። ከዚያ «አባባን ትንሽ አሟቸዋል፣ ነይ» ብለን አስመጣናት። ከአውቶቡስ ስትወርድ ከሕንጻው ሥር ድንኳን ተተክሏል፣ አባባ ደግሞ በሩ ላይ በእግራቸው ቆመዋል። ያኔ ማን እንደሞተ ገባት። ማንም አልነገራትም፣ ራሷ ነው የደረሰችበት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ብነግራት «እውነትህን ነው?» ትለኝ ነበር። በመጨረሻ በእናቷ አስማለችኝ። ማንም ቢሞት፣ የትም ብትሆን፣ በዚያው ቀን ልነግራት ማልኩ።

ዛሬ ሁለተኛው ቀን ነው።

ከምሳ በኋላ ደወለች። በምስል ነበር፣ ዘጋሁትና በድምፅ መለስኩላት። ካሜራው ተበላሽቷል አልኳት። ያልተላጨ ፊቴንና ለሐዘን የተቀደደ ሸሚዜን እንዴት አሳያታለሁ? «አባባስ? ማሸነፌን ነገርከው?» አባባን አንተ ነው የምትላቸው፣ አማርኛዋ እርስዎ ድረስ አይዘልቅም፤ እሳቸውም ይህንን ይወዱላት ነበር። ናታንያ ሠርግ ሄደዋል አልኳት። ሠርግ! ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ማክሰኞ

የቡድኑ ውጤት እስከ ዛሬ፦
ወንዶች ነጠላ፦ ሁለቱም ተሰናበቱ።
ወንዶች ጥንድ፦ ተሰናበቱ።
ድብልቅ፦ ወንዱ ልጅ ቁርጭምጭሚቱን አሞት አቋረጡ።
ሴቶች ነጠላ፦ ሞራን ዛሬ ተሸነፈች።
ሴቶች ጥንድ፦ ሞራንና ጓደኛዋ ኖጋ አሸነፉ። ነገ ሩብ ፍጻሜ።

የነጠላው ሽንፈት ሲወጣ ምን እንዳልኩ ልጻፍ፣ ሌላ የምናገርበት የለኝም። ተመስገን አልኩ። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ከፈረቃ ወጥቼ በእንቅልፍ እየተንገዳገድኩ ሜዳ ያደረስኳት ልጅ ስትሸነፍ ተመስገን አልኩ። ጥንዱንም ከተሸነፈች ነገ አውሮፕላን ላይ ትወጣለች፣ ከነገ ወዲያ ሁሉም ያበቃል። ጥንዱን አሸነፈች። ደስ አለኝ።

ባሸነፈች ቁጥር አንድ ቀን ውሸት ይጨመርብኛል። ቡድኑ ደግሞ ከእሷና ከኖጋ በቀር ምንም አልቀረውም፣ አገር ሙሉ ሰው በእኔ ውሸት ላይ ተንጠልጥሏል።

ከቤት አልወጣም። ሺቫው፣ የሐዘኑ ሰባት ቀን፣ እስኪያልቅ ይኸው ፍራሽ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ወርጄ ድንኳኑ ሥር ለቀስተኛ ልቀበል ስል እንኳ «አንተ ተቀመጥ፣ እነሱ ይመጣሉ» ይሉኛል። ይመጣሉም። ከአሽዶድ፣ ከረሆቦት፣ ከካርሜ ጋት ከአዲሱ ሰፈር። መስተዋቱ በነጠላ ተሸፍኗል። ራሴን ባለማየቴ አልተከፋሁም።

እታለም ማንም ሰው ሞቱን በስልክ እንዳይለጥፍ ከልክላለች። ስለዚህ ግማሹ ዘመድ ከሰው ከሰው ነው የሰማው። አንድ የሩቅ አክስታችን ዛሬ ገብተው ሳያለቅሱ በፊት ተቆጡ። «እኔ ምን አደረግኋችሁና ነው ከአትክልት ሻጭ የምሰማው?» አሉ። ከዚያ አለቀሱ፣ ደህና አድርገው።

ሞራን በምሳ ሰዓት ስትደውል እጄን ታጥቤ እስክመለስ እታለም አነሳችው። አባባ ጆሯቸውን አሟቸዋል፣ ስልክ አይሰሙም አለቻት። ስልኩን ስረከብ ሞራን ጠየቀችኝ። «አባ፣ ሠርግ ላይ ነው ወይስ ጆሮውን አሞታል?» ጆሯቸውን አሟቸው ሠርግ ሄዱ አልኳት፣ ዘፈኑ አይረብሻቸውም አልኳት። ሳቀች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደኝ።

ረቡዕ

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

አሸነፉ። ሦስተኛው ዙር ድረስ ሄደው፣ ሰባት ለአምስት። ግማሽ ፍጻሜ ገቡ። ግማሽ ፍጻሜ የገባ ቢሸነፍም ነሐስ አለው፣ ስለዚህ ሜዳሊያው ተረጋግጧል። የጠዋት ጸሎት ላይ የነበሩት ወንዶች ሰሙና አንዱ እጁን ሊያጨበጭብ ከፍ አድርጎ አየር ላይ አስቀረው።

ከምሳ በኋላ ደወለች። ቤቱ ጢም ብሏል፣ ሠላሳ ሰው ይሆናል። «ዳይ፣ አባ፣ በቃኝ። አባባን አቅርብልኝ። ድምፁን ካልሰማሁ ለአሰልጣኙ ነግሬ ነገ እመጣለሁ። እያልኩህ ነው፣ እመጣለሁ።» አሁን ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በእታለም ፊት፣ ከፈትኩ።

እታለም ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ለአጎቴ ለታከለ ሰጠቻቸው።

አጎቴ ታከለ የአባባ ታናሽ ወንድም ናቸው። ፊታቸው አይመሳሰልም፣ ድምፃቸው ግን አንድ ነው። በስልክ እኔ ራሴ ሁለቱን ለይቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ ስለ ጉልበታቸው እጠይቅ ነበር፣ የሚያመው አጎቴን ነው። ሽማግሌው ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ያዙት። እታለም በምልክት ለመነቻቸው። ሁላችንንም አዩን፣ እኔን ደግሞ ረዘም አድርገው። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ።

«እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ?» አሉ።

አባባ ናቸው። አንዲት ሴት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። የሞራን ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ይንጫጫል፤ ስለ ሰባት ለአምስቱ፣ ስለ ኖጋ፣ ስለ ምግቡ። አጎቴ «እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ» ይላሉ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ መረቋት። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፣ እግርሽን አያደናቅፈው አሏት። ስልኩን መልሰው ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናነቡ።

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ቤቱ በለቅሶ ፈረሰ። የቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አልተለቀሰም።

እኔ አላለቀስኩም። ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ ለይቼ አልጽፍም። በሁሉም። አቀርቅሬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ

እዚያ ዝናብ ነው። ግማሽ ፍጻሜው ወደ ነገ ተላለፈ። ሌላ ቀን ደግሞ።

አጎቴ ታከለ ጠዋት መጥተው ምንም አልቀመሱም። አጠገቤ ተቀምጠው በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት፣ ድምፃቸውን ፈርተውታል። «ፈንታ፣ ትናንት ሙት አስነሣሁ» አሉኝ። «አሁን ማን መልሶ ይቀብረው?»

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ከዚያ ተነሥቼ ማማድ ውስጥ ገባሁ። ማማድ የብረት በር ያለው ክፍል ነው፣ ሮኬት ሲመጣ የምንጠለልበት፤ አሁን ብርድ ልብስና ትርፍ ወንበር ተከምሮበታል። በሩን ዘጋሁ። ደወልኩ።

«አባ! እዚህ ዝናቡ ሌላ ነው» አለች። ከኋላዋ ማሽን ያጉረመርማል።

ሞራን፣ አባባ የሉም አልኳት።

የት ሄደ አለች።

እሁድ ቀበርናቸው አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት። አራት ቀን ሙሉ ቃል ስመርጥ ከርሜ የወጣኝ ይኸ ነው።

ማሽኑ ያጉረመርማል። ከዚያ፦ «ትናንት ማን ነው ያናገረኝ?»

አጎቴ ታከለ አልኳት።

ሳቀች። አጭር ሳቅ፣ መሃል ላይ ተቆረጠ። ስልኩ ተዘጋ። ደግሜ ደወልኩ፣ አሥር ጊዜ፣ አታነሣም።

ስወጣ እታለም ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ነገርኳት አልኩ። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፣ መልሴንም ይዤ ነበር፤ ስለ መሐላዬ፣ ስለ ትናንቱ ድራማ፣ ስለ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ። አልጮኸችም።

«ስትነግራት ከማን ጋር ነበረች?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

«አልጠየቅህም?»

አልጠየቅሁም። አሰልጣኙ ስልክ ቁጥሩን የሰጠኝ እኮ ለዚህ ነበር፤ ከቀብሩ ማግስት ነግሬው «ውሳኔው የእናንተ ነው፣ ልትነግሯት ካሰባችሁ ግን አጠገቧ እንድሆን ቀድማችሁ ንገሩኝ» ብሎኛል። ረሳሁት። እውነት ለመናገር ቸኮልኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፣ እኔ ደግሞ የምለቅመውም አጣሁ።

እታለም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ሰው ሲወድቅ የሚይዘው ሳይኖር» አለች፣ ለእኔ አይደለም፣ ለራሷ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

እውነቱን ተናግሬ እንደ ሌባ ቁጭ ብያለሁ።

ዓርብ

አላነሣችም። ጠዋትም አላነሣችም። ለአሰልጣኙ ጻፍኩ። «መጫወት እፈልጋለሁ ብላለች። ተዋት» ብሎ መለሰ።

ጨዋታው በቴሌቪዥን አይታይም። ኢንተርኔት ላይ ቁጥር ብቻ ነው የሚወጣው። ስሟ፣ የኖጋ ስም፣ ከጎኑ ቁጥር። ልጄ ምን እንደሆነች የማውቅበት ሌላ መንገድ የለኝም፣ ቁጥር አያለሁ። ዜሮ ለአንድ። ዜሮ ለሁለት። ዜሮ ለሦስት። በሕይወቷ እንዲህ ተሸንፋ አታውቅም። ማክሰኞ እንድትሸነፍ የፈለግኩት ሰውዬ ዛሬ አንዲት ቁጥር፣ አንዲት ብቻ፣ ብሎ ይለምናል። አንድ ለአምስት ሆነ። አንዷን አገኘሁ።

ስድስት ለአንድ፣ ስድስት ለሁለት ተሸነፉ። ነሐስ። ቡድኑ በዚህ ጨዋታ ያገኘው ብቸኛ ሜዳሊያ ነው።

ወሬው ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ሰዉ ግራ ገባው። አንዱ «እንኳን ደስ አለህ፣ እግዜር ያጽናህ» አለኝ፣ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ። ሌላው ነሐስ ከወርቅ ስንተኛ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሦስተኛ አልኩት። «ከስንት?» ከዓለም አልኩት። አጥብቆ ሳመኝ። አባባ ቢኖሩ በዚህ ሳምንት ይህንን እያወሩ ሰፈሩን በእግራቸው ዞረው አይጨርሱትም ነበር።

እኔ ግን ያንን ዜሮ ለሦስት ነው የማስበው። እጇ ራኬት እንዴት እንደያዘ።

ሰንበት ሊገባ ነው። ስልክ ይዘጋል። እስከ ነገ ማታ የምሰማው የለም። ሌላ ጊዜ ሰንበት ሲገባ ዕረፍት ነው፤ ዛሬ በላዬ ላይ በር የሚዘጋብኝ ያህል ነው።

ቅዳሜ፣ ሰንበት እንደወጣ

ሰባቱ ቀን ዛሬ ጠዋት አለቀ። ከፍራሹ ተነሣሁ፣ ጉልበቴ ጮኸ። ነገ መቃብሩ ጋ እንወጣለን።

ስልኬን ስከፍት አንድ መልእክት አለ። በዕብራይስጥ፣ ሁለት መስመር። «ነገ ከምሳ በኋላ በባቡር ቂርያት ጋት እደርሳለሁ። ጣቢያ ማንም አይምጣ።»

«አባ» አላለችም። ሰላምታ የለውም። አምስት ጊዜ አነበብኩት፣ የተጨመረ ነገር የለም።

ለእታለም አነበብኩላት። «እሷ ምን ታውቃለች? እንሄዳለን» አለች። እኔ አልሄድም አልኳት። በዚህ ሳምንት አንዴ ቃሏን ልጠብቅላት አልኩ። በዚህ ተኮራርፈን ተለያየን።

እሁድ

መቃብሩ ላይ ነፋስ ነበር። ቄሱ ጸለዩ። ብዙም አልቆየንም።

ከምሳ በኋላ እታለም ዘውዴ፣ አጎቴ ታከለና አምስት ሴቶች ወደ ባቡር ጣቢያ ሄዱ። እኔ ቤት ቀረሁ። መስተዋቱን ገለጥኩ፣ አንድ ሽማግሌ አየሁ፣ መልሼ ሸፈንኩት። በረንዳ ላይ ቆምኩ። ገባሁ። የሞራንን አልጋ አነጠፍኩ። እንደገና በረንዳ ላይ ቆምኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ለቅሶውን ነው። ከመንገዱ፣ ከዚያ ከሕንጻው መግቢያ፣ ከዚያ ከደረጃው። እታለም ስሟን እየጠራች ታስለቅሳታለች፣ ሴቶቹ ይቀበሏታል፣ ከመሃል የሞራን ድምፅ ይወጣል፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ጎረቤት ሁሉ በር ከፍቷል። ወደ ላይ ሲደርሱ እታለም ደግፋ ይዛታለች፣ እንደ ሕፃን። ያችው አራት ቀን የዋሸቻት፣ ስልኩን ነጥቃ ለሽማግሌው የሰጠችው እታለም። ሞራን ፊቷን አንገቷ ሥር ቀብራለች። አጎቴ ከኋላ የራኬቱን ቦርሳ ተሸክመዋል። እኔ እውነቱን የነገርኳት በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። በአጠገቤ አለፉ።

እታለም የታጠፈውን ፍራሽ መልሳ ዘረጋችው። ለልጅቷ እንደገና ጀመርን።

ሰዉ ሲቀንስ ሞራን ውኃ ልትጠጣ ወጥ ቤት ገባች። ተከተልኳት። ዓይኗ አብጧል፣ ከስታለች።

«ለምን ጣቢያ አልመጣህም?» አለችኝ።

ማንም አይምጣ አልሽ እኮ አልኳት።

«አልኩ። አባቴ አይደለህም እንዴ?»

ብርጭቆውን አጥባ አስቀመጠች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነገረችኝ። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበረች። ብቻዋን። ስልኩን ዘግታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የሌላ አገር ስፖርተኛ ልጅ ልብሷን ልትወስድ ገብታ አገኘቻት፣ ቋንቋ አይግባቡም፣ አቀፈቻት፤ ከማሽኑ ገና የወጣ ትኩስ ፎጣ ትከሻዋ ላይ አደረገችላት። ስሟን አልጠየቀቻትም። አገሯንም አታውቅም።

«ስለነገርከኝ አይደለም የተቆጣሁት» አለች። «ሌላ ጊዜ አትዋሸኝ። በስልክም አትንገረኝ። ተነሥና ና።»

ሺቫ ላይ ነበርኩ፣ ከቤት አልወጣም ነበር፣ አውሮፕላን... ልል ነበር። አላልኩም። እሺ አልኳት። ወጣች።

አጎቴ ታከለ ከረቡዕ ጀምሮ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። እሷ ፊት ጭራሽ አፋቸውን አልከፈቱም፤ ጣቢያው ላይ እንኳ እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ እሷ ናት ያነሣቻቸው፣ ቃል አልተናገሩም አሉኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሄዳ አጠገባቸው ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

«አውራኝ» አለቻቸው።

አይሆንም በሚል ራሳቸውን ወዘወዙ።

«የፈለግኸውን። አውራኝ ብቻ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ጀመሩ፣ ከዚያ ረሱትና በድምፃቸው ቀጠሉ። እዚህ አገር በገባን በመጀመሪያው ዓመት እሳቸውና አባባ የተሳሳተ አውቶቡስ ተሳፍረው ቤርሼባ የደረሱበትን ታሪክ ነው። ሃምሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አባባ ሲያወሩት የተሳሳቱት አጎቴ ናቸው፣ አጎቴ ሲያወሩት አባባ። ሞራን ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ይወርዳል፣ እሷ አትጠርገውም። አጎቴ ሊያቆሙ ሲሉ ጉልበታቸውን ነካ ታደርጋቸዋለች፣ ይቀጥላሉ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ግባም ውጣም ያለኝ የለም። ጫማዬን አውልቄ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።